አቤት ያላሉት

መሪጌታ ገብረየሱስ ለሴት ልጃቸው ዜማ አላስተማሩም፤ ጆሮዋን ግን ሊደፍኑት አልቻሉም። ይመኙሻል ያደገችው አባቷ ከሚያስተምሩበት ቤት በስተጓሮ ነው። ተማሪዎቹ ወዲያ ማዶ ድጓ ሲያዜሙ እሷ ወዲህ ማዶ ገብስ እየፈተገች ስህተታቸውን ትለቅም ነበር። አንድ ቀን አንዱ ተማሪ ርክርክ የሚባለውን የዜማ ምልክት ደጋግሞ ቢስትባት ትዕግሥቷ አለቀና ከሙቀጫው ሳትነሣ አቃንታ አዜመችው። መሪጌታም ተማሪውን፣ «ከጓሮ የሰማኸውን ድገም» አሉት። ለልጃቸው ግን በዚያ ነገር አንድም ቃል ተናግረዋት አያውቁም።

ያቺ ልጅ ሃያ ሰባት ዓመት ሲሞላት የሞላሌ ትምህርት ቤት የሬዲዮ ክፍል ኃላፊ ነበረች። ኃላፊ ሲባል ከበላይዋም ከበታችዋም ሰው የለም፤ አንዲት የቆርቆሮ ክዳን ያላት ክፍል፣ ሁለት ሬዲዮ፣ አንድ ትልቅ ባለጥቅልል መቅረጫና አንድ የካሴት ቴፕ ነበራት። አዲስ አበባ ሄዳ ስድስት ሳምንት ሠልጥናለች። ከሥልጠናው ሁሉ ልቧ ውስጥ የቀረው የመቅረጫውን ክር መቁረጥና መቀጠል ነበር። አሠልጣኟ፣ «ክሩን ቀጥ አድርገሽ ከቆረጥሽው ድምፁ ይደናቀፋል፤ በምላጭ አጋድመሽ ከቆረጥሽው ግን አንዱ ድምፅ በሌላው ውስጥ ሾልኮ ይገባል፣ ሰው አያውቅብሽም» ብሏት ነበር። ሞላሌ ከተመለሰች በኋላ የእንግሊዝኛው የሬዲዮ ትምህርት አልቆ ልጆቹ ሲወጡ በሯን ትዘጋና፣ የዝናብን ድምፅ ከቆርቆሮው ላይ ቀርጻ፣ ቆርጣ፣ ገልብጣ፣ በግማሽ ፍጥነት አዙራ ትሰማዋለች። ለማንም አትናገርም። ቢጠይቋትስ ምን ትላለች? ዘፈን አይደለም፤ ንግግርም አይደለም። ስም የለውም።

በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ኅዳር ላይ ግን ስም ያለው ይመስል በደብዳቤ መጣላት።

ደብዳቤው ከበላይ አካል ለየወረዳው የኪነት ቡድን የተላለፈ ነበር፤ መቅረጫ ያለው እሷ ዘንድ ብቻ ስለሆነ ለእሷ ደረሳት። አንድ የወዳጅ አገር ሬዲዮ ጣቢያ ከየአገሩ ከያንያን የድምፅ ሥራ ይጠይቃል። ወደ አማርኛ የተመለሰው ጥሪ እንዲህ ይላል፦ «ሥራው ዘፈን ወይም ንግግር ያልሆነ፣ በመቅረጫ ከተቀዳ ድምፅ የተቀነባበረ፣ ከአሥራ አምስት ደቂቃ ያልበለጠ፣ ከዚህ በፊት በየትኛውም ጣቢያ ያልተሰማ ይሁን።» ይመኙሻል ይህን አራት ጊዜ አነበበችው። እሷ ብቻዋን በሯን ዘግታ የምትሠራውን ነገር በባሕር ማዶ ሰዎች እየሠሩት ኖሯል!

የፓርቲው ተጠሪ መኳንንት ግን ደብዳቤውን ገረፍ አድርጎ አየና ወረወረላት። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ አገሩ ቆላ ነው፣ ሞላሌ ከመጣ ገና ስድስት ወሩ። ብርዱን አልለመደውምና ቢሮው ውስጥም ካፖርቱን አያወልቅም።

«አንድ ሽለላ፣ አንድ መዝሙር ቀድተሽ ላኪላቸው» አላት።

«ጓድ፣ ዘፈን አይሁን ይላል እኮ።»

«ዘፈን ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?»

«ድምፅ።»

መኳንንት ቀና ብሎ አያት። የሚቸኩልበት ስብሰባ ነበረው። «እንግዲህ ይሄ ያንቺ የሙያ ጉዳይ ነው» አለና መሸኛውን ፈረመ፤ ማኅተሙንም እፍ ብሎ መታበት። በመሸኛው ላይ «የወረዳችን ከያኒት ጓዲት ይመኙሻል ገብረየሱስ ያዘጋጀችውን የድምፅ ሥራ ልከናል» ይላል። ሥራው ገና አልነበረም።

ያለፈው ዓመት በልጉም ክረምቱም ከድቶ ነበር። ታኅሣሥ ላይ በየቀበሌው «የርዳታ እህል ይታደላል፣ ስማችሁ የተመዘገበ ሞላሌ ገበያ ቦታ ቅረቡ» ተብሎ ተነገረ። ሕዝቡ ሌሊት ከአመዳዩ ጋር እየታገለ፣ የሱፍ ባናውን ተከናንቦ፣ ባዶ ስልቻውን ይዞ መጣ። መኳንንት ይመኙሻልን አስጠርቶ፣ «መቅረጫውን አምጪ። ስም ሲጠራ ሕዝቡ አቤት የሚለውን ትቀጂያለሽ። ለሬዲዮ የሚላክ ሪፖርት ነው» አላት። እሷም አመነችው። መቅረጫውን በድንጋይ ላይ አኖረች፤ ማይኩን በእንጨት ላይ አሰረች፤ ነፋስ እንዳይገባበት በሻሽ ጠቀለለችው።

መኳንንት በድምፅ ማጉያው መጥራት ጀመረ። የመጀመሪያው ሰው፣ «አቤት!» አለ። ሁለተኛዋ፣ «አቤት!» አለች። አቤት ያለው ሁሉ ከነቤተሰቡ በሚሊሻ እየተመራ በትምህርት ቤቱ አጥር ወደ ኋላ ይታጠፋል። ዘጠነኛዋ እታገኝ ነበረች። እታገኝና ይመኙሻል ከአንድ ምንጭ ውኃ ቀድተው፣ በአንድ ሰሌዳ ሀ ሁ ቆጥረው ያደጉ ናቸው። እታገኝ ልጇን አዝላ ከሰው መካከል ብቅ አለችና፣ ጓደኛዋ ማይኩ አጠገብ መቆሟን ስታይ ፈገግ ብላ፣ ድምፇን ሞቅ አድርጋ «አቤት!» አለች። እህል ለመቀበል የሄደች እንጂ አገር ለመልቀቅ የሄደች አትመስልም።

ወዲያው ከአጥሩ በስተኋላ የከባድ መኪና ሞተር ተነሣ። አንዱ ሕፃን ጮኸ። እህል የጫነ መኪና ሰው አያስጮህም፤ የገበያው ሕዝብ ሁሉ በአንድ ጊዜ ገባው። ሰፈራ ነው። ወደ ማያውቁት ቆላ፣ ወደ ምዕራብ።

«ጥሩሸዋ ገሠሠ!» አለ መኳንንት።

ጥሩሸዋ በሞላሌ በምላሷ የታወቀች መበለት ናት። ሱፍ ፈትላ ባና የምታሠራ፣ በገበያ መሐል ከአንዱ ጫፍ ወዲያኛው ጫፍ ያለውን ሰው የምትሳደብ፣ ደግሞ ወዲያው የምታስታርቅ ሴት። ያን ቀን ከማይኩ ሦስት እርምጃ ርቃ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትፈትል ነበር። ስሟ ሲጠራ ቀና አላለችም። እንዝርቷን በጭኗ ላይ አሽከረከረችና ለቀቀችው።

«ጥሩሸዋ ገሠሠ!»

እንዝርቱ ይሾራል። ከዚያ በቀር ምንም።

«ጥሩሸዋ ገሠሠ የለችም?» መኳንንት ወደ ገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ዞረ። «አቶ አፈወርቅ፣ የትኛዋ ናት?»

አቶ አፈወርቅ ከማዶ ተራራ ላይ የጠፋ በግ በቀለሙ የሚለዩ ሰው ናቸው። የጥሩሸዋን የመጀመሪያ ልጅ ክርስትና ያነሡትም እሳቸው ናቸው። ጥሩሸዋን አዩዋት። ሰማዩን አዩ። መሬቱን አዩ።

«ጓድ፣ ሰዉ በዝቷል» አሉ። «ዓይኔም ደክሟል።»

ሚሊሾቹ ከሌላ ወረዳ የመጡ ስለነበሩ ማንንም በመልክ አያውቁም። መኳንንት ጥርሱን ነክሶ የሚቀጥለውን ስም ጠራ። ዝም። የሚቀጥለውን ጠራ። ዝም። ሰው እንደ በግ ተጠጋግቶ ቆሟል፤ ዓይን ለዓይን የሚተያይ የለም፤ ተነጋግሮ የተማከረ የለም። ኀምሳ ሁለት ስም ተጠራ፤ ኀምሳ ሁለት ጊዜ ሰዉ ዝም አለ። ይመኙሻል የመቅረጫው ጥቅልል ሲዞር እያየች፣ በጆሮዋ ላይ የደፋችው ማዳመጫ ውስጥ ያንን ዝምታ ሰማችው። ባዶ አልነበረም። በእንዝርት የተሞላ፣ በሳል የተሞላ፣ በነፋስና በአህያ ጆሮ መማታት የተሞላ ነበር። አንዱ ዝምታ ካንዱ አይመሳሰልም።

መጨረሻ ላይ መኪኖቹ ዘጠኙን ቤተሰብ ብቻ ጭነው ሄዱ።

በማግሥቱ መኳንንት ሬዲዮ ክፍሏ ድረስ መጣ። ቀድቶ እንደማያውቅ ሰው ጥቅልሉን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ።

«ስንት አቤት አለሽ?»

«ዘጠኝ።»

«ስሙስ?»

«ስድሳ አንድ።»

«ይሄ ነገር እየተቆረጠ ይቀጠላል አይደል? ሥልጠና ሄደሻል ተብሏል። እንግዲያው ዘጠኙን አባዢ፤ ካንዱ ስም ኋላ አንዱን፣ ካንዱ ስም ኋላ ሌላውን እያደረግሽ አስገቢ። ስድሳ አንዱም ወዶ ለሰፈራ የተነሣ ይመስል አቤት ይበል። ማን ከማን ይለየዋል?»

«እኔ እለየዋለሁ።»

«አንቺ አትሰሚውም፤ የሬዲዮ አድማጭ ነው የሚሰማው።»

ይመኙሻል ከወንበሯ ተነሣች። አጭር ናት፤ ብትነሣም የካፖርቱ ሁለተኛ ቁልፍ ላይ ነው የምትደርሰው። «ጓድ» አለችው፣ «ያላሉትን አሉ አልልም። የእታገኝን አፍ አውጥቼ በእትዬ ጥሩሸዋ አፍ አልተክልም።»

«እስከ ሰኞ ነው የምሰጥሽ» አለ መኳንንት፣ ድምፁን ሳያነሣ። «ሰኞ ካልደረሰ ከአዲስ አበባ ባለሙያ አስመጥቼ ባንድ ሰዓት አስጨርሰዋለሁ። አንቺን ያን ጊዜ የሚፈልግሽ የለም።»

ሄደ። ይመኙሻል ቁጭ ብላ አሰበች። ባለሙያው መምጣቱ አይቀርም። ምላጭ ያለው ሰው ዘጠኝ አቤት ካገኘ ኀምሳ ሁለት ሰው ውሸታም ማድረግ ይችላል። ክሩን እንዳለ ብትደብቀው ይፈተሻል። ብትሰጠው አለቀ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ ትምህርት ቤቱ ባዶ ሲሆን፣ በሯን ቆልፋ ክሩን ዘረጋች። አቤቶቹን አንድ ባንድ እየፈለገች፣ ምልክት እያደረገች፣ አጋድማ ቆረጠቻቸው። እያንዳንዳቸው ከመሐል ጣት አይረዝሙም። ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው፤ ቡናማ የሚያብረቀርቁ ዘጠኝ ቁራጮች። የጓደኛዋ የትኛው እንደሆነ ታውቃለች፤ ዘጠነኛው። አንሥታ በመቅረጫው ላይ ብቻውን በእጇ እየሳበች ሰማችው። በእጅ ሲሳብ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። «አቤት።» ደግማ ሳበችው። «አቤት።» እታገኝ ያለችበትን አገር ማንም አያውቅም፤ በሕይወት ስለመኖሯም የሚያረጋግጥ የለም፤ ከሷ ሞላሌ ውስጥ የቀረ ነገር ቢኖር ይህች ጣት የምታክል ክር ናት። ሦስተኛ ጊዜ መሳብ አልቻለችም።

ከውጭ የከሰል ምድጃ አስገባች። ስምንቱን ጣለቻቸው፤ ተኮማትረው ጠረናቸው አፍንጫ እየሰነፈጠ ነደዱ። ዘጠነኛውን ይዛ ጥቂት ቆመች። ብታስቀምጠው? አንድ አቤት ብቻ ምን ያደርጋል? ያደርጋል እንጂ፤ አንዱን ማባዛት ይቻላል። «ይቅር በይኝ እታግ» አለችና ጣለችው።

ከዚያ በኋላ ነው ሥራውን የጀመረችው። ማልቀሷን ሳታቆም ጀመረችው። ስሞቹንም ቆርጣ አወጣች፤ ማንም በስሙ እንዳይያዝ። የቀረላት ከስም እስከ ስም ያለው ብቻ ነበር። ኀምሳ ሁለት ዝምታ በቅደም ተከተል ቀጠለች። የጥሩሸዋን እንዝርት ድምፅ ክሩን ቀለበት አድርጋ በእርሳስ ላይ እያዞረች ደጋግማ ቀዳችው፤ ከሥር ከሥሩ እንዲሄድ። የልጅ ሳል ያለበትን በግማሽ ፍጥነት ስታዞረው ከገደል ውስጥ የሚመጣ የሰው ማጉረምረም ሆነ። ነፋሱን ገልብጣ ስትሰማው የሚተነፍስ መስሎ ታያት፤ እንደዚያው ተወችው።

አንድ ነገር ብቻ አስቸገራት። ከእያንዳንዱ ስም በፊት መኳንንት በድምፅ ማጉያው ውስጥ አየር ይስባል። መጀመሪያ ላይ ቀላል ነው፤ ስሙ እየበዛ፣ ዝምታውም እየበዛ ሲሄድ ትንፋሹ እየከረረ፣ እየተቆራረጠ ይመጣል። ልታወጣው ምላጩን አነሣች፤ ከዚያ መልሳ አስቀመጠችው። እሱም እዚያ ነበር። ይቆይ።

ሲያልቅ አሥራ አንድ ደቂቃ ሆነ። አንድ ግልባጭ በካሴት ቀዳች፤ ዋናውን ጥቅልል ከመሸኛው ጋር በጨርቅ ጠቅልላ፣ ቀኑ ሳይደክም ወደ አባቷ ቤት ወጣች።

መሪጌታ ገብረየሱስ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ማቃጠሏንም አልደበቀችም።

«ያስሩሻል» አሉ።

«አዎ አባዬ።»

«ታዲያ ለምን ትሠሪዋለሽ?»

«ጥሪው ድምፅ አምጡ ነው የሚለው። የዚህ አገር ድምፅ ዘንድሮ ይሄ ነው። ሌላ የለኝም።»

«ድጓው ላይ ይዘት የሚባል ምልክት አለ» አሉ መሪጌታ። «ተማሪ ሁሉ ሲያየው ማረፊያ ይመስለዋል፤ ፈጥኖ ያልፈዋል። ማረፊያ አይደለም። ድምፁ እንደተያዘ ነው። አርባ ዓመት አስተምሬ ይህን የገባው ሦስት ሰው አላገኘሁም።» ተነሡና ከግድግዳው ላይ የድጓቸውን የቆዳ ማኅደር አወረዱ። መጽሐፉን አውጥተው አልጋ ላይ አኖሩት፤ በቦታው ጥቅልሉን አስገቡና ክዳኑን አሰሩ። «ደብረ ብርሃን ጉዳይ አለኝ። ከዚያ ፖስታ ቤት አለ።»

«አባዬ፣ እርስዎ አይሄዱም! ቢይዙዎትስ?»

«ጉዳይ አለኝ አልኩሽ እኮ» አሉ መሪጌታ፣ ቆጣ ብለው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በእህል መኪና ላይ ተሳፍረው ሄዱ። ኬላ ላይ ፈታሾቹ ማኅደሩን አስከፈቱ። ይህን ኋላ ሲያወሩላት እየሳቁ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው አባ?» አለ ፈታሹ።

«ዜማ ነው።»

«መጽሐፍ አይደለም እኮ።»

«ዘመኑ በምን እንደሚጽፈው እኔ ምን ላድርግ? ይኸው ወረቀቱ።» መሸኛውን ሰጡት። ፈታሹ ማኅተሙን አየ፤ የመኳንንትን ፊርማ አየ፤ ቀጥ ብሎ ቆመና አሳለፋቸው።

ሰኞ ጧት ይመኙሻል ሳትጠራ ወደ መኳንንት ቢሮ ሄደች። ርእሰ መምህሩና አቶ አፈወርቅም ተጠርተው ነበር፤ የተቀነባበረውን ሪፖርት አብረው ሊሰሙ። ካሴቱን አስቀመጠች፤ ቁልፉን ተጫነች።

እንዝርት ጀመረ። መኳንንት የመጀመሪያውን ስም እየጠበቀ ጆሮውን አዘነበለ። ስም አልመጣም። ነፋስ መጣ። ሳል መጣ። አቶ አፈወርቅ ድንገት ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ የት ቆመው እንደሰሙት አውቀዋል። ርእሰ መምህሩ ወለሉን ያያል። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ፣ አራት ደቂቃ። መኳንንት ማጥፋት ይችል ነበር፤ ለምን እንዳላጠፋው ይመኙሻል እስከ ዛሬ አታውቅም። ምናልባት ቃሉ አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል እያለ ይሆናል።

«ይሄ ምንድን ነው የሚተነፍሰው?» አለ በመጨረሻ። «ማነው?»

«እርስዎ ነዎት ጓድ።»

ፊቱ ተለዋወጠ። ቴፑ ትንፋሹን መልሶ ሰጠው፤ የከረረ፣ የሚቆራረጥ፣ የፈራ ሰው ትንፋሽ። መኳንንት ዘሎ ቁልፉን መታው።

«አቤቶቹስ?»

«አቃጠልኳቸው።»

«የመንግሥት ማስረጃ አቃጠልሽ!»

«ዘጠኝ ሰው አምኖዎት አቤት አለ። በዚያ እምነት ሌላ ሰው እንዳይታረድበት አቃጠልኩት።»

«ዋናው ክር የት አለ?»

«ሄዷል። በርስዎ ማኅተም።»

መኳንንት ካሴቱን አውጥቶ በጫማው ረገጠው። ከዚያ ወደ አቶ አፈወርቅ ዞሮ፣ «ምን አለ ይህ ቴፕ? ይፈርሙልኛል፤ ፀረ አብዮት ቃል እንዳለበት ይመሰክራሉ» አለ።

አቶ አፈወርቅ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ልጄ፣ እኔ ቃል አልሰማሁም» አሉ። «ሰው ዝም ሲል ነው የሰማሁ። ዝም አሉ ብዬ እመሰክራለሁ፤ ከፈለግህ።»

ይመኙሻልን አሰሯት። ሃያ ሦስት ቀን ታሰረች። መርማሪው በየቀኑ «ምን ለማለት ፈልገሽ ነው?» ይላታል፤ እሷም በየቀኑ፣ «ለማለት የፈለግሁት ነገር ቢኖር ንግግር ይሆን ነበር፤ ጥሪው ንግግር አይሁን ይላል» ትለዋለች። አንድ ቀን በጥፊ መታት። አንድ ቀን ውኃ ከለከላት። ክስ ሊጽፉ ሲቀመጡ የሚጽፉት ቃል ያጣሉ፤ ከመሸኛው ላይ ደግሞ የተጠሪው ፊርማ አለ፤ ነገሩ ወደ ላይ ከሄደ ማን ፈረመ መባሉ አይቀርም። እየቆየ መኳንንት ራሱ ጉዳዩ እንዳይነሣ ፈለገ።

በአራተኛው ቀን ጥሩሸዋ ቆሎና አንድ ወፍራም ባና ይዛ ወደ እስር ቤቱ በር መጣች። ይመኙሻል ከውስጥ ድምፇን ሰማችው። ዘበኛው የጠያቂ ስም ይመዘግባል።

«ስምሽ?»

«ጥሩሸዋ ገሠሠ!» አለች፣ ገበያው እስኪሰማ። «ጻፈው። ኧረ በንጉሡ ሠ ጻፈው! መሠረተ ትምህርት ያስገባችሁኝ እናንተው ናችሁ፤ አሁን አበላሽታችሁ ትጽፉብኛላችሁ?»

ዘበኛው ግራ ተጋብቶ ሰርዞ ጻፈው። ይመኙሻል በጨለማው ክፍል ውስጥ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች፤ ከታሰረች የመጀመሪያዋ ሳቅ ነበረች። ባናው ሲገባላት ተጠቀለለችበት፤ የበግ ጠረኑ ገና አልለቀቀውም።

በዚህ ሁሉ ሞላሌ አሸነፈች ለማለት አይደለም። የካቲት ላይ መኪኖቹ ተመልሰው መጡ፤ ያን ጊዜ ስም አልጠሩም፣ ከየቤቱ ሰው አወጡ፤ አሥራ አራት ቤተሰብ ወሰዱ። አቶ አፈወርቅ ከሊቀመንበርነታቸው ተነሡ። ጥሩሸዋ ወደ ወንድሟ ወደ መርሐቤቴ ወርዳ ክረምቱን እዚያው ዓለም ከተማ በምትባለው ከተማ ከረመች። እታገኝ ከሁለት ዓመት በኋላ በእግሯ ተመልሳ መጥታለች፤ ልጇ አብራት አልነበረችም። ይመኙሻል ክሩን ማቃጠሏን ስትነግራት እታገኝ፣ «እኔም በነበርኩበት አገር አቤት ማለት ትቼ ነበር» ብቻ አለቻት።

ይመኙሻል ከእስር ስትወጣ ከሬዲዮ ክፍሏ አንሥተው ቀየት በሚባል ሌላ ቦታ ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል አስገቧት፤ ጠመኔና መጥረጊያ እንድትጠብቅ። ደብዳቤው እዚያ ነው ያገኛት፤ በሰባ ስምንት ሰኔ። ፖስታው ሦስት ቦታ ተከፍቶ ሦስት ቦታ ተለጥፏል፤ ስሟን «ይመንሻል» ብለው ጽፈውታል። የአማርኛው ትርጉም ስድስት መስመር ነበር። ሥራዎ ደርሶናል። ለሽልማት አልተመረጠም። ነገር ግን በሚያዝያ ወር ከሌሎች አራት ሥራዎች ጋር ለአድማጭ አሰምተነዋል። ርእስ ስላልጻፉበት «ርእስ የሌለው፣ ኢትዮጵያ» ብለን አስተዋውቀነዋል። አንዳንድ አድማጮች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚሽከረከረው መሣሪያ ምን እንደሆነ ጠይቀውናል። የሚቀጥለው ጥሪ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

በሩ ላይ ቆማ አነበበችው። አልተመረጠም የሚለው ምንም አልከነከናትም። አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ፣ በማታውቀው አገር፣ የማታውቃቸው ሰዎች ሥራቸውን ትተው የሞላሌ ሰው ዝም ሲል ሰምተዋል። ማንም ጣልቃ ገብቶ አላቋረጣቸውም።

የቀየቱ ርእሰ መምህር በፈሪነቱ የታወቀ፣ ልቡ ግን ደግ የሆነ መርስዔ ኃዘን የሚባል ሰው ነበር። ቢሮው ገብታ ደብዳቤውን ከፊቱ አኖረችለት።

«ለሚቀጥለው ጥሪ ሁለት ዓመት ነው ያለኝ» አለችው። «እዚህ ትምህርት ቤት መቅረጫ አለ?»

«ይመኙሻል፣ ስለ እግዚአብሔር! በዚህ ነገር ታስረሽ የወጣሽ ሰው!»

«ታስሬ ወጣሁ። ወጥቻለሁ። መቅረጫ አለ?»

መርስዔ ኃዘን መስኮቱን አየ፣ በሩን አየ። «አለ» አለ ቀስ ብሎ። «ከሰባ አምስት ጀምሮ አይሠራም። ከመጥረጊያዎቹ ኋላ ነው ያለው፤ ንብረት ክፍልሽ ውስጥ። ሞተሩ ተቃጥሏል ብለውኛል።»

ወጥታ መጥረጊያዎቹን ወደ አንድ ጎን ጣለቻቸው። አቧራውን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች፤ በጠመኔ ሳጥን ላይ አስቀመጠችና ብሎኖቹን በሽንኩርት ቢላ ፈታች። አልተቃጠለም፤ የሚያዞረው ጎማ ደርቆ ተበጥሶ ነበር። በጓሮ ከተጣለ የመኪና ከመነዳሪ ቀጭን ቀለበት ቆርጣ አጠለቀችለት። ቁልፉን ስትጫነው እንደሚያነጥስ ሰው ተንገጫገጨ፤ ቆመ። መታችው። ደግማ መታችው። ቀስ ብሎ መዞር ጀመረ።

መርስዔ ኃዘን በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ መቼ እንደመጣ አላየችውም።

«ማይኩስ የታለ?» አለችው፣ ዓይኗን ከሚዞረው ላይ ሳታነሣ።